ገብስ ስንወቃ ያየነው አዳኝ

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ታርሞ፣ ውጤቱም በየተማሪው ስም አንጻር ሰፍሮ ካለቀ በኋላ መምህር የሆነ ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ አንድም ቤቱ ተቀምጦ የደከመ ጉሮሮውን ያሳርፋል፣ አንድም ዘመድ ይጠይቃል። እኛ ዘንድሮ ሁለተኛውን መረጥን። የልጆቻችን እናት የባሌ ልጅ ናት። አባቷ ሐጂ፣ ከድንሾ ከተማ በላይ ወደ ወይብ ሸለቆ በሚወስደው መንገድ ዳር ገብስ ያርሳሉ፤ በጎችና ላሞችም አሏቸው። «ውቂያ ላይ እጅ ያጥረናል። ኡስታዝ ልጆቹን ይዘው ቢመጡ፣ እነሱም ሥራ ይማራሉ እኛም እናያቸዋለን» ብለው በስልክ ከጠየቁን ዓመት አልፎ ነበር። በዚያ አገር አማች ይከበራልና፣ በዕድሜ ልጃቸው ብንሆንም «አንቱ» ይሉናል፤ ትንሽ ኪታብ በመቅራታችንም «ኡስታዝ» ይሉናል። በትምህርት ቤት የምናስተምረው ግን ባዮሎጂ ነው።

ከፈጅር ሶላት በኋላ ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ በሚያልፈው መንገድ ሄድን። እስከ ድንሾ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቆጂ ስንደርስ የ12 ዓመቱ ልጃችን አንገቱን በመስኮት አስግጎ ሯጮችን ይፈልግ ጀመር። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያች ከተማና ከአካባቢዋ መውጣታቸውን ሰምቷልና። ያየው ግን አህያ የሚነዱ ሁለት ሽማግሌዎችን ብቻ ነበር፤ እነሱም አይሮጡም። ከአሳሳ እስከ አዳባ ያለው ሜዳ የስንዴ አገር ነው። ከአዳባ በኋላ ግን መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፣ አየሩም ይለወጣል፤ በመኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጋቢውን መከናነብ ይጀምራል። ጋይሳይ በሚባለው ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ሲግጥ አየን። ይህም እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም።

ድንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ትንሽ ከተማ ናት። የፓርኩ ወሰን በ2014 እ.ኤ.አ. በሕግ ታውጇል፤ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሪያድ በተደረገው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ሐጂ ስለ ሪያዱ ጉባኤ ሲሰሙ፣ «እኔ ሐጅ ሄጄ የሄድኩበትን አገር አወቅሁት፤ እነሱ ደግሞ የእኔን አገር እዚያ ሆነው መዘገቡት» ብለው ሳቁ።

ከድንሾ ወደ ሐጂ ቤት የሄድነው በእግርና በፈረስ ነው፤ ልጆቹና ዕቃው በፈረስ፣ እኛ በእግር። ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ላይ ዳገት ለመውጣት የመምህር ሳንባ አይበቃም። በየመቶ እርምጃው የምናርፈው «አገሩን ለማየት» ነው እያልን ነበር፤ የልጆቻችን እናት ግን የአባቷ አገር ነውና፣ ታዝላ ያደገችበትን ዳገት እየሳቀችብን ወጣችው።

ሌሊቱ እጅግ ብርድ ነው። ለውዱእ በጀሪካን ካሳደርነው ውሃ ላይ ስስ በረዶ ተጋግሮ አገኘን። ከሶላት በኋላ ሐጂ እሳት ዳር አስቀምጠው የገብስ ቂጣ በቅቤና ትኩስ ወተት ሰጡን፤ ፀሐይ ወጥታ ውርጩን ካቀለጠች በኋላ ወደ ዓውድማው ሄድን። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። በሬዎችና ሁለት ፈረሶች በዓውድማው ላይ እየዞሩ ይወቃሉ፤ የልጆቹ አጎት በመንሽ ያገላብጣል። የእኛ ድርሻ ነዶ ከክምሩ እያወረድን ማቀበል ነበር። ጠመኔ የለመደ እጅ ነዶ አይችልም፤ በመጀመሪያው ቀን መዳፋችን ተላጠ፣ በሁለተኛው ቀን ጀርባችን ተቆረጠ። የ8 ዓመቷ ልጃችን እህሉ ላይ የሚመጡ ወፎችን እንድትጠብቅ ታዘዘች። የጠበቀችው ግን ሌላ ነገር ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ «አባዬ፣ ተኩላ!» ብላ ጮኸች።

ከዓውድማው በታች ያለው ማሳ አዝመራው የተነሣለት ነው፤ የሐጂና የጎረቤቶቻቸው ላሞች ቃርሚያውን ይግጣሉ። ከላሞቹ መካከል አንድ እንስሳ ዝግ ብሎ ይራመዳል። ቀለሙ እንደ ሸክላ የቀላ ነው፤ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ አፉ ቀጭንና ሹል። ጅራቱ ከሥሩ ነጭ ሆኖ ጫፉ ጥቁር ነው። ላሞቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። እኛ በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ለተማሪ ያሳየነውን ቀይ ቀበሮ፣ በመንሽ ውርወራ ርቀት ላይ በዓይናችን አየነው፤ ሱብሐነላህ!

«አትጩኺ የእናቴ ልጅ» አሏት ሐጂ። «እሱ ሥራ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ሥራችንን እንሥራ።» ከዚያም ወደኛ ዞረው፣ «በኛ ቋንቋ ጀዳላ ፈርዳ እንለዋለን፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ባዝራ ስትወልድ ከኋላዋ እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው» አሉን።

ሥራችንን እንሥራ ማለት ቀላል ነው። ማን ይሠራል? በሬዎቹ ብቻቸውን ዞሩ። ቀበሮው ከአንዲት ጥቁር ላም ጎን ሆኖ፣ እሷ ስትራመድ ይራመዳል፣ ስትቆም ይቆማል። በባሌ ደጋ የሚኖር አንድ ትልቅ ፍልፈል አለ፤ ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ይመዝናል፤ ዓይኖቹ ከራሱ አናት ላይ ናቸው። ጉድጓዱን በአፈር ደፍኖ ይኖራል፤ ሣር ሲፈልግ ድፍኑን ከፍቶ ግማሽ አካሉን ያወጣል፣ በዙሪያው ያለውን በጥድፊያ እየነጨ በአፉ ይሞላና ወደ ኋላው ተመልሶ ይገባል። መላው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። የቀበሮው ሥራ ያቺን ጥቂት ደቂቃ ማግኘት ነው። ፍልፈሉ ኮቴ ይሰማል፤ ግን የላም ኮቴ ቀኑን ሙሉ ሲሰማው የኖረው ነው። ለዚህ ነው ቀበሮው ከላም ጋር መሄድ የሚወድደው።

ድንገት ቆመ። ጆሮዎቹ ወደ ፊት ተቀሰሩ፤ አንድ እግሩ ከመሬት እንደተነሣ ቀረ። ላሟ አልፋው ሄደች። ሆዱ መሬት እስኪነካ ዝቅ አለና አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ቆም፣ ደግሞ አንድ እርምጃ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ይዘን ነበር። ዘለለ። አፍንጫው አፈር ውስጥ ተቀበረ፣ ጅራቱ ወደ ላይ ቆመ፣ በፊት እግሮቹ አፈሩን ወደ ኋላ ይበትነው ጀመር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀና አለ፤ አፉ ባዶ፣ ግንባሩ አፈር ብቻ። ልጃችን ጮክ ብሎ ሳቀ። ቀበሮው ዞሮ አየንና እንደ ሰው ኀፍረት የተሰማው መስሎ ራሱን አራገፈ፤ ከዚያ ወደ ጥቁሯ ላም ተመለሰ።

በዚያ ቀን ልጃችን ከከረጢቱ የሒሳብ ደብተሩን አውጥቶ ይመዘግብ ጀመር። በሦስት ቀን ያየነው 11 ሙከራ ነው፤ የያዘው 4 ጊዜ። ከአራቱ ሁለቱ ፍልፈል ነበሩ፣ ሁለቱ ከሩቅ ያልለየናቸው አይጦች። ይህ የልጅ ቆጠራ ነው። የተመራማሪዎቹ ግን ሰፊ ነው፤ በባሌ የቀይ ቀበሮ ምግብ 96 በመቶ ያህሉ ፍልፈልና አይጥ መሆኑ ተረጋግጧል። በመንዝ ጓሳ የተደረገ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናትም አለ። እዚያ ቀበሮው ከላም ይልቅ ከጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል ያድናል፤ ከመንጋው መካከል ሲሆን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካሉ፣ ብቻውን ሲሆን ግን ከአራት አንዱ። ይህን ለሐጂ ስንነግራቸው፣ «ይህን ለማወቅ ፈረንጅ መምጣት ነበረበት?» አሉ። ቢሆንም ከሦስት ሁለት የሚለውን ቁጥር ደጋግመው አስነገሩን፤ ወደዱት።

ፍልፈል በተያዘ ቁጥር ደግሞ ሌላ ባለ ጉዳይ ይመጣል። ከማሳው ዳር ባለው ድንጋይ ላይ አንድ ቡናማ ንስር ጠዋት ይቀመጣል፤ የሚያየው ፍልፈሉን አይደለም፣ ቀበሮውን ነው። ቀበሮው አንዱን ይዞ ቀና ሲል ንስሩ ክንፉን ዘርግቶ ዝቅ ብሎ መጣበት፤ ቀበሮው ምርኮውን በአፉ እንደያዘ ከላሞቹ መካከል ሮጠ። ንስሩ ላሞቹ ላይ መውረድ አልደፈረም፤ ተመልሶ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። በዚያ ወቅት ከቋጥኞቹ ሥር ግልገሎች ይኖሩታል። በባሌ ቀይ ቀበሮ የሚወልደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ከመንጋው የምትወልደው አንዷ እናት ብትሆንም ግልገሎቹን የሚመግቧቸው ሁሉም ናቸው። ለማደን ግን እያንዳንዱ ብቻውን ይወጣል። የዚህን ምሥጢር ልጃችን ጠይቆን ነበር፤ አንድ ፍልፈል ለአንድ አፍ ብቻ እንደሚበቃ፣ ለአምስት ሆኖ ቢያድኑት ተጣልተው እንደሚያድሩ ነገርነው።

ክምሩ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ትርዒቱ ወደ እኛ መጣ። የታችኛው ነዶ በተነሣ ቁጥር አይጥ እንደ ፍሬ ይፈስሳል። ደረታቸው ነጭ፣ ጅራታቸው የቀላ ትላልቅ ጭልፊቶች ከአናታችን ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበርና፣ አንዱ ከእኛ አምስት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ወርዶ አይጥ አነሣ። የክንፉ ነፋስ ፊታችንን ነካን። የሐጂ ውሻ ቡቺም የበኩሉን ያዘ። ሐጂ ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ብለው የያዙት ውሻ ነው፤ ለዚህ መያዝ እንደሚፈቀድ ማንም የቀራ ያውቃል። ቤት ግን አይገባም፤ ልጃችን ልታስገባው ብትሞክር አያቷ በበትራቸው ጫፍ ወደ ደጅ አሳዩት።

ማታ ማታ እሳት ዳር የአራዊት ወሬ ይወራል። እኛም በመድረሳ ዘመናችን የሆነውን አጫወትናቸው። የሻፊዒይን መዝሀብ ፊቅህ ስንቀራ ጅብ የሚበላ እንስሳ ነው ከሚለው ቦታ ስንደርስ ደረሳው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሸይኻችንም አብረው ስቀው፣ «ሐላል ነው ማለት ግዴታ ነው ማለት አይደለም» አሉን። ሐጂ ሻፊዒይ ቢሆኑም ይህን ሲሰሙ «አዑዙ ቢላህ» ብለው ወተታቸውን አስቀመጡ። በ1405 እ.ኤ.አ. የሞቱት ግብፃዊው ዓሊም አድ-ደሚሪ የየእንስሳውን ጠባይና ፍርድ የጻፉበት ትልቅ ኪታብ አለ፤ ግን ከኢትዮጵያ ደጋ ወጥቶ የማያውቀውን ይህን ቀይ አዳኝ በዓይናቸው አይተውታል ብለን አናስብም። በዓለም ላይ የቀረው ለአካለ መጠን የደረሰ ቀይ ቀበሮ ከ500 ያነሰ ነው፤ ከዚያም ከግማሽ በላዩ በባሌ ነው። አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ጠዋት ለሰልፍ የሚያወጣው ተማሪ ከዚህ ይበልጣል።

በአምስተኛው ሌሊት ከበረቱ በኩል ጩኸት ተነሣ። የልጆቹ አጎት በባትሪና በዱላ ወጣ፤ እኛም ጫማችንን ሳናጠልቅ ተከተልን። ጅብ ነው። አንዲት በግ ከአጥሩ ውጪ ጎትቶ ታፋዋን ይዟታል፤ ቡቺ ከጎኑ ተናንቆታል። ዱላ ተወረወረበት፣ ባትሪ በራበት፤ እንደ ሌላው ጊዜ ፈጥኖ አልሸሸም። ዞሮ ቡቺን ጆሮውን ነከሰውና እየተንገዳገደ በዝግታ ሄደ። በጓ ትተነፍስ ነበር። አጎታቸው ቢስሚላህ ብሎ አረዳት።

በባትሪው ብርሃን ሁሉም ወደ እኛ ዞሩ። «ኡስታዝ፣ ትበላለች ወይስ እርም ነች?»

«ስታርዳት ተንቀሳቅሳለች? ደሟስ በኀይል ፈሰሰ?» አልን። ሁለቱም ሆነዋል። ነፍሷ ሳይወጣ ስለታረደች በፊቅህ ሐላል ነች አልናቸው። ሐጂ ግን ዝም ብለው ጅቡ የሄደበትን ጨለማ ሲያዩ ቆዩ። «ሰው አይቶ የማይሸሽ ጅብ ጤነኛ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «የሸይኻችሁን ነገር አስታወስኩ፤ ግዴታ አይደለም።» በጓን ገና ሳይነጋ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረው ቀበሯት። ከ14 በጎቻቸው አንዷ መሆኗ ነው፤ ለነጋዴ ሊያወጧት የነበረች።

ጠዋት አንድ ጎረቤት መጣ። ሳምንቱን ሙሉ ከከብቱ መካከል የሚዞረው ቀይ ቀበሮ ነው ይህን ያደረገው፣ መርዝ አለኝ፣ በሥጋ ለውሰን ከማሳው ዳር እናድርግ አለ። ይህ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ባለፈው ክረምት ሁለት ግልገሎች ጠፍተውበታል። የልጆቹ አጎት ጅቡን አይቻለሁ ቢለውም፣ «በጨለማ ምን ታያለህ» አለው። ሐጂ ክርክር ሳይገጥሙ ጉድጓዱን አስከፍተው የበጓን ታፋ አሳዩት፤ አጥንቱ እንደ ሸንኮራ ተፈጭቷል። እኛም የመምህርነታችንን ጨመርንበት፤ ቀይ ቀበሮ ከ20 ኪሎ አይበልጥም፣ አፉ ለአይጥ የተሠራ ቀጭን ነው፣ ጥርሱም ትናንሽና የተራራቀ ነው፤ ይህን አጥንት የሚሰብር መንጋጋ የለውም አልነው። መርዝ ደግሞ ጅብ መርጦ አይገድልም፤ ጭልፊቱም ይበላዋል፣ ውሻህም፣ እጁን ያልታጠበ ልጅም። ፍልፈሉና አይጡ ብቻ ይተርፋሉ፤ ገብስህንም የሚበሉት እነሱ ናቸው።

ሰውየው ታፋውን ደጋግሞ አየ። «ለጊዜው ይቆይ» ብሎ ሄደ። መርዙን ለማንም አልሰጠም፤ ይዞት ነው የሄደው።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ነገር የመጣው። ልጃችን ከሁላችንም ቀድማ ተነሥታ፣ ደም የቀባውን የቡቺን ጆሮ በሻርፗ ስትጠርግለት ቆይታለች። ጣቶቿ ደግሞ ከገብሱ የተነሣ በየቦታው ተሰንጥቀዋል። እናቷ ስታይ የያዘችው ሳፋ ከእጇ ወደቀ። ልጅቷም የእናቷን ፊት አይታ፣ «አውቃለሁ! ሰባት ጊዜ እታጠባለሁ፣ አንዱን በአፈር» ብላ ወደ ውሃው ሮጠች፤ በመድረሳዋ የተማረችው ነው። የሰባቱ እጥበት ለጠሃራ ነው፤ ለበሽታው ሳሙና ነው የሚያስፈልገው ብለን፣ በሚወርድ ውሃና በሳሙና እጇን 15 ደቂቃ በሰዓት ቆጥረን አጠብናት። ለእብድ ውሻ በሽታ የመጀመሪያው ሕክምና ይኸው ነው፤ ከዚያ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሄድ ነው። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ለማለት ይቻላል።

እናቷና እኛ ልጅቷን በፈረስ ይዘን ወደ ድንሾ ወረድን፤ ከዚያ በመኪና ወደ ጎባ። በዚያ መንገድ ላይ ብዙ አልተናገርንም። ልጅቷ በመስኮት የሳነቴን ከፍታ እያየች ስለ ቡቺ ትጠይቃለች፤ እናቷ በከንፈሯ ዱዓ ታደርጋለች። የመጀመሪያውን መርፌ በዚያው ቀን ተወጋች፤ የቀሩትንም በየቀናቸው አዲስ አበባ እንድትጨርስ ወረቀት ተሰጠን። አልሐምዱሊላህ ጨርሳለች።

ስንመለስ ሐጂ ከሳጥናቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ጠበቁን፤ የቡቺ የክትባት ወረቀት። ዓመት ከአራት ወር አልፎታል። ዘንድሮ ክታቦቹ ሲመጡ ውሻው ከብት ይዞ ሆራ ወርዶ ነበርና አልተከተበም። «ደግሞም» አሉ እያፈሩ፣ «የተከተበ ውሻ ያንቀላፋል ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

ከዚያ በ1996 ዓ.ም. የሆነውን ነገሩን። በዚያ ዓመት በሽታው በወይብ ሸለቆ ገብቶ ነበር። ከውሾች ነው ወደ ቀበሮዎቹ የተዛመተው፤ በሸለቆው ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ። ሐጂ ከብት ሲፈልጉ በአንድ ቀን ሦስት የሞቱ ቀበሮዎች ከጅረቱ ዳር አግኝተዋል። ሁለት ውሾችና አንዲት ላም ሞቱባቸው። «ላሟ ስትጮህ የነበረው ድምፅ እስካሁን ይሰማኛል» አሉን። በ1991፣ በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ላይም በሽታው ተመላልሷል። ለዚህ ነው ውሾቹ በየዓመቱ የሚከተቡት፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ቀበሮዎቹም በሥጋ ውስጥ በተደበቀ የሚዋጥ ክትባት ይሰጣቸዋል። ቀበሮውን የሚገድለው በአብዛኛው የእኛው ውሻ ነው፤ ውሻውን ያላስከተበ ሰው ባያውቀውም መርዝ ከሚያስቀምጠው ሰው ብዙ አይለይም። ሐጂ ይህን ከእኛ ቀድመው ነው የተናገሩት።

የወረዳው የእንስሳት ሐኪም በማግስቱ በሞተር ብስክሌት መጣ። ቡቺ ከዚህ በፊት የተከተበ ስለሆነ ወዲያው ደግሞ ወጋው፤ 45 ቀን ታስሮ እንዲጠበቅ፣ ጠባዩ ከተለወጠ ግን እንዲገደል አዘዘ። ልጅቷ ይህን የመጨረሻውን እንዳትሰማ እናቷ ወደ ጓዳ ወሰደቻት፤ ግን ሰምታለች። ያንን ቀን ምሳ አልበላችም።

በመጨረሻው ጠዋት እህሉ ተጭኖ ጎተራ ገብቷል፤ ዓውድማው ላይ እብቅ ብቻ ቀርቷል። እኛ ዕቃችንን በፈረስ ስንጭን ቀበሮው መጣ። ጥቁሯ ላም ከማሳው ማዶ ነበረች፤ ወደ እሷ ሄደ። ቡቺ ከታሰረበት ሆኖ ይጮህበታል፤ ቀበሮው አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አላየውም። ልጃችን ደብተሩን አውጥቶ ገጹን ገለጠ፤ አጎቱ ግን መኪናው ያመልጣል ብሎ ፈረሱን ነዳው። ስለዚህ የ12ኛው ሙከራ ውጤት በደብተሩ ላይ ባዶ ነው።

ከ45 ቀን በኋላ ስልክ ደወልንላቸው። ሐጂ መጀመሪያ ስለ ገብሱ ዋጋ ነገሩን፤ ነጋዴው ካሰቡት በታች ነው የሰጣቸው፣ ስለዚህ ግማሹን ለክረምት አስቀርተውታል። ከዚያ ስለ ዝናቡ። ልጅቷ ስልኩን ከእጃችን ነጥቃ፣ «አባባ፣ ቡቺስ?» አለች።

«ትናንት ፈታሁት» አሏት። «ሮጦ ሄዶ ከላሞቹ መካከል ተኛ።»